የሚያሽ እጅ የማን ነው? ከወጌሻ እስከ ሆስፒታል በድሬዳዋ

ኳስ በራዲዮ የተከታተለ ሁሉ ይህችን አነጋገር ያውቃታል፦ ተጫዋቹ ወድቋል፣ ወጌሻው ወደ ሜዳ እየገባ ነው። ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ ቁርጭምጭሚቱን ያሻል፣ ተጫዋቹ እያነከሰ ይነሳል። ያው ቃል ሌላ ሰፈር ውስጥ ሌላ ሰው ይጠራበታል፦ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአያቱ የተማረ፣ ቅባትና ቀርከሃ ይዞ ወለምታ የሚያሽ፣ ውልቃት የሚመልስ፣ ስብራት የሚጠግን ሰው። አንደኛው አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል፤ ሌላኛው የሚኖረው በሰፈር ምስክርነት ነው። አማርኛ ግን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጣቸው።

የለያቸው ሆስፒታል ነው። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ወጌሻ የሚባል የሥራ መደብ የለም። በሽተኛው ግን ከበሩ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ጠዋት ራጅ ተነስቶ ማታ ወጌሻ ቤት ይታሻል። አንዱ ለሌላው የሚጽፈው ወረቀት የለም። እስቲ ይህ በር መቼና እንዴት እንደተዘጋ፣ መዘጋቱስ ምን እንዳስከፈለን እንየው። ለዚህ ደግሞ ድሬዳዋ ጥሩ መነሻ ናት፤ ከተማዋ ራሷ የጉልበት ልጅ ናትና።

ሐዲድ፣ ወገብና ቋንቋ

ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር መግባት ነበረበት። ተራራው ግን ለሐዲድ የሚመች አልሆነም፤ ወጪውም የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቀረና በ1902 መጨረሻ አሁን ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጣቢያዋ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድሬዳዋ የመስመሩ ልብ ሆነች፤ ጋራዡ እዚህ፣ መጋዘኑ እዚህ፣ ሠራተኛውም እዚህ። የደቻቱ አሸዋ ከተማዋን ለሁለት ከፈላት፦ በአንድ በኩል ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሏት ከዚራ፣ በሌላ በኩል ገበያው የደራባት መጋላ።

ሐዲድ የሚዘረጋው፣ ከሰል የሚጭነው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ጆንያ የሚሸከመው ሁሉ የሰው ወገብ ነው። ያውም በድሬ ሙቀት። የወገብ፣ የትከሻና የጉልበት ሕመም ከዚህች ከተማ ጋር አብሮ ተወለደ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሕክምናውስ? መልሱ በቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል። ፈረንሳይኛ «ለገሃር»ንና «ሸመንደፈር»ን አወረሰን። ሐኪም የሚለው ቃል በዓረብኛም ያው ነው። ወደ ወጌሻ ስንመጣ ደግሞ ጎረቤት የሆነ ቃል እናገኛለን፤ በአፋን ኦሮሞ «ኦጌሳ» ባለሙያ፣ አዋቂ ማለት ነው። ዛሬም የጤና ባለሙያ «ኦጌሳ ፋያ» ይባላል። ልብ በሉ፤ በአንዱ ቋንቋ ነጭ ጋውን የለበሰውን የሚጠራ ቃል በሌላው ከግቢ ውጭ የቀረውን አዛውንት ከሚጠራው ቃል ጋር እንዲህ ይመሳሰላል። ድሬ ውስጥ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ።

ወጌሻ የማያስፈልገው ሕመም ቤት ውስጥ ይታከም ነበር። አባት ከሥራ ሲመለስ በደረቱ ይተኛና ልጁን «እስቲ ወገቤን ርገጠኝ» ይለዋል፤ ይህን ያላደረገ የኢትዮጵያ ልጅ ጥቂት ነው። አራስ በቅቤ ትታሻለች። ሕፃን በቅባት ይታሻል። ገንዘብና ጊዜ ያለው ደግሞ በባቡሩ መስመር ወደ ምዕራብ ሄዶ ኤረር ይወርዳል፤ ኤረር ፍል ውሃ አላት። ሙቅ ውሃ፣ ቅባት፣ እጅ፦ የድሮ ሰው የሕመም ማስታገሻ ይኸው ነበር።

ማሳጅ ሆስፒታል የገባበት መንገድ

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ኢብን ሲና በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የሕክምና ቀኖና ውስጥ ስለ እሽት ዓይነቶች በዝርዝር አስተምሯል፤ ጠንከር ያለው ሰውነትን እንደሚያጠነክር፣ ለስለስ ያለው እንደሚያላላ። በ1813 ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለ ስዊድናዊ በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም ከፍቶ እንቅስቃሴንና እሽትን እንደ ትምህርት ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በአውሮፓ ከተሞች ተስፋፋ፤ ፋሽን ሆነ።

ፋሽን ሲሆን ደግሞ ተበላሸ። በ1894 የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በለንደን «ማሳጅ ቤት» የሚባሉት አንዳንዶቹ በእርግጥ ሴተኛ አዳሪነት የሚካሄድባቸው ቤቶች መሆናቸውን አጋለጠ። ቃሉ ቆሸሸ። በሙያው እንጀራቸውን የሚበሉ ነርሶች በመንገድ ላይ አንገታቸውን የሚያስደፋ ስም ወጣላቸው።

በዚያው ዓመት አራት ሴቶች፣ ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጄት፣ ኤልዛቤት ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር፣ የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ። ያወጡት ደንብ ጥብቅ ነበር፦ ሐኪም ሳያዝ ማሸት የለም፤ ከሕክምና ጋዜጦች ውጭ ማስታወቂያ የለም፤ ለበሽተኛ መድኃኒት መሸጥ የለም፤ ከተለየ ሁኔታ በቀር ወንድን ጠቅላላ ሰውነቱን ማሸት የለም። ፈተና አለ፣ የምስክር ወረቀት አለ። በዘመናችን ዓይን አንዳንዱ ደንብ ጥብቅነቱ ይበዛል። ነገር ግን ቃሉን ከመንገድ አንስቶ ሆስፒታል ያስገባው እሱ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በብሪታንያ ወታደራዊ ሆስፒታሎች ውስጥ የማሳጅ ጓድ ተሠማራ፤ እጅና እግራቸው የደረቀ ወታደሮችን አፍታታ። በ1920 ማኅበሩ የንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። በ1944 ስሙን ፊዚዮቴራፒ ብሎ ለወጠ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የምናየው የፊዚዮቴራፒ ክፍል አያቱ የነዚያ አራት ሴቶች ደንብ ነው ማለት ይቻላል።

ነርሶችም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ በምዕራቡ ዓለም ማታ ማታ የበሽተኛውን ጀርባ ማሸት የነርስ መደበኛ ሥራ ነበር። አንደኛው ምክንያት እንቅልፍ እንዲወስደው፣ ሌላው የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት። በኋላ ግን ቀረ። የማስታገሻ መድኃኒቱ በዛ፣ ወረቀቱ በዛ፣ አንዲት ነርስ የምትይዘው በሽተኛ በዛ። በዚያ ላይ የቀላ ቆዳን አጥንት ላይ ማሸት ቁስሉን ከመከላከል ይልቅ ሊያባብሰው እንደሚችል ታወቀ። ማሳጅ ሆስፒታል የገባው በደንብ ነው፤ የወጣው ደግሞ ግማሹ በዕውቀት፣ ግማሹ በጊዜ እጦት ነው። ዕውቀቱ ያስወጣው ይውጣ። ጊዜ እጦት ያስወጣው ግን እንደገና መታየት አለበት።

ማንም የማይነካውን መንካት

ወደ ሐረርጌ እንመለስ። ከሐረር በስተምሥራቅ ቢሲዲሞ የሚባል ቦታ አለ። የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር በ1957 ሲመሠረት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው እዚያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደርና ሆስፒታል መሥራት ነበር። በ1965 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አለርት ተቋቋመ።

ሥጋ ደዌ ነርቭን ያደነዝዛል። ላብ ይቆማል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሕመሙ ስለማይሰማ በተሰነጠቀው በኩል ቁስል ይገባል። ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ካልተፍታቱ እንደታጠፉ ይቀራሉ። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አይመልስም። ስለዚህ ቀሪው ሕክምና በየቀኑ የሚደረግ ተራ የእጅ ሥራ ነው፦ እጅና እግርን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሸት፣ ጣትን ቀስ አድርጎ መዘርጋት። በሽተኛው ራሱ እንዲያደርገው ይማራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ይህ በሽታ ሰውን ከቤተሰቡ፣ ከገበያው፣ ከማዕዱ ያራቀ በሽታ ነው። ማንም የማይነካውን ሰው እጁን ይዞ፣ ቀብቶ፣ አሽቶ ማፍታታት የሕክምናው አንድ ክፍል ሆነ። ማሸት «የቅንጦት ነገር ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቢሲዲሞን ንገሩት።

ፖሊዮም ሌላ በር ከፍቷል። በ1962 መናገሻ ላይ የተቋቋመው የቼሻየር ማዕከል እግራቸው የሰለለ ልጆችን ተቀብሎ በእንቅስቃሴ፣ በድጋፍ ብረትና በክራንች እንዲራመዱ ሲያደርግ ኖሯል። ስለዚህ እጅ በኢትዮጵያ ሕክምና ውስጥ ቦታ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቦታው ግን ለተወሰኑ በሽታዎች በተለዩ ግቢዎች ውስጥ ተወስኖ ቀረ፤ ተራው ሆስፒታል፣ ተራው የወገብ ሕመምተኛ ዘንድ አልደረሰም።

ክፍተቱን የሞላው ማን ነው?

ወጌሻው ነው። ሕጉም ሙሉ በሙሉ አልከለከለውም፤ የ1948ቱ የሕክምና ምዝገባ አዋጅ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ለባህል ሕክምና መንገድ ትቶለት ነበር። ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ በደርግ ዘመን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የባህል ሕክምናን የሚያስተባብር ቢሮ ተከፈተ። ትኩረቱን ግን በአብዛኛው የሳበው ቅጠልና ሥር ነው። ዕፅዋትን ቤተ ሙከራ ማስገባት ይቻላል፤ የአንድን ሰው አውራ ጣት እንዴት ታስገባዋለህ?

ሰው ወጌሻ ዘንድ የሚሄደው ስላልተማረ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው። ክፍያው በድርድር ነው። ጀሶ አያስርም፣ «እግርህ ይቆረጣል» አይልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያምህን ቦታ በእጁ ይነካዋል፤ «እዚህ ነው አይደል?» ይላል። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ ማዘዣ ጽፎ፣ ቀጣዩን ይጠራል። ተረኛው ብዙ ነው፣ አይፈረድበትም። በሽተኛው ግን ማንም ሳይነካው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዋጋው የሚታየው ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና የደም ሥሩን ይጨቁናል። መጀመሪያ ሕመሙ እየባሰ ይሄዳል፤ ከዚያ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ሥጋው ያለ ደም መቆየት የሚችለው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሕፃኑ ሆስፒታል ሲደርስ ጋንግሪን ገብቶ ከሆነ ያለው አማራጭ መቁረጥ ነው። የአጥንት ሐኪሞች ይህን ታሪክ በተደጋጋሚ ያውቁታል። ቤተሰቡ «እግሩን የቆረጠው ሆስፒታሉ ነው» ብሎ ያወራል፤ ቀጣዩ ጎረቤትም ልጁ ሲሰበር ቀድሞ ወጌሻ ዘንድ ይሮጣል። ክቡ እንዲህ ይዞራል።

ሆድ ማሸትም አለ። በብዙ አካባቢ ነፍሰ ጡር ሆዷን ትታሻለች፤ ምጥ ሲረዝም ደግሞ ሆድ ተጭኖ ልጁን ለመግፋት ይሞከራል። ይህ ለእናትም ለልጅም አደጋ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ሆድ መግፋትን እንዲደረግ አይመክርም። ያው መመሪያ ግን ጤነኛ ለሆነች ምጥ ላይ ላለች እናት ሕመም ማስታገሻ እንድትጠቀም ከሚፈቅዳቸው አማራጮች አንዱ ማሳጅ ነው፤ ሙቅ ጨርቅም አብሮ አለ። አያችሁ፣ ያው እጅ ነው። ሆድ ላይ ሲጫን ይጎዳል፤ ወገብ ላይ ሲያሽ ያሳርፋል። ልዩነቱ ዕውቀት ነው።

ሦስተኛም እጅ አለ፤ ስለሱ ጮክ ብለን አናወራም። «ማሳጅ» የሚለውን ቃል ቴሌግራም ላይ ፈልጉት፤ የሚመጣላችሁን ታውቃላችሁ። በከተሞቻችን በሥርዓት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ በአዲስ አበባ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ሠልጥነው በዚህ ሙያ ይተዳደራሉ፤ በጃፓንም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሱጊያማ ዋይቺ የተባለው ዓይነ ስውር ሐኪም ለመሰሎቹ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሙያው የዓይነ ስውራን እንጀራ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን የቃሉ ስም ስለተበላሸ አንድ የሆስፒታል ኃላፊ «ለበሽተኞቻችን ማሳጅ እንጀምር» ቢል ስብሰባው በሳቅ ሊያልቅ ይችላል። ከ1894ቱ የለንደን ነገር ጋር አንድ ነው። እነሱ ቃሉን ጥለውት አልሄዱም። ደንብ አወጡለት።

እሺ፣ ምን ይደረግ?

ድል ጮራ ሆስፒታል የሚያክመው የድሬዳዋን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሲቲ ዞን፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ በሽተኛ ይመጣበታል። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ቅንጡ ስፓ አያስፈልገውም። አሁን ባለው ሰው ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አስታማሚው ነው። በኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተኛም፤ አጠገቡ እናት፣ እህት፣ ወንድም አለ። ሳምንት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያድር ሰው ነው። ነርስ በ10 ደቂቃ እጅን፣ እግርን፣ ትከሻን በለስላሳ እንዴት ማሸት እንደሚቻል ብታሳየው ለበሽተኛው እረፍት ነው፤ አስታማሚውም «ምንም ማድረግ አልቻልኩም» ከሚለው ጭንቀት ይወጣል። ስትሮክ የመታው ሰው የሰለለ እጁ እንዳይደርቅ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን እንቅስቃሴ ቤት ሄዶም የሚቀጥለው ያው አስታማሚ ነው።

ሁለተኛው ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ነው። በ1986 የታተመ የቲፋኒ ፊልድና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በቀን 3 ጊዜ ለ15 ደቂቃ ለ10 ቀናት የታሹና እግርና እጃቸው የተንቀሳቀሰላቸው ሕፃናት ካልታሹት በ47 በመቶ የበለጠ ክብደት በቀን እንደጨመሩ አሳየ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ መልእክቱ ግን ከ1978 ጀምሮ ከቦጎታ ከተስፋፋው ሕፃኑን እናት ደረት ላይ የማቀፍ እንክብካቤ ጋር ይገጥማል። የሕፃን ቆዳ መነካት ይፈልጋል። በለስላሳው፤ አንገት ሳይጎተት፣ እርግብግቢት ሳይጫን።

ሦስተኛው ክልከላው ነው፤ ይህ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይበጃል። አንድ እግር ብቻውን ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አይታሽም፤ ውስጡ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ሳንባ ሊደርስ ይችላል። አዲስ ስብራት አይታሽም። የቆሰለና ያመረቀዘ ቦታ አይታሽም። አጥንት ላይ የቀላ የተኛ ሰው ቆዳ አይታሽም፤ በሽተኛው ይገላበጣል እንጂ። የካንሰር ሕመምተኛ ለስላሳ ንክኪ ሊያሳርፈው ይችላል፤ እብጠቱ ላይ ግን አይደለም፤ ሐኪሙም ማወቅ አለበት።

አራተኛው ሠራተኛው ራሱ ነው። ሲስተሯ በሽተኛ ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ አዳር ቆማ ታነጋለች። የወገብ ሕመም ነርሶች ዘንድ የሙያው ጓደኛ ሆኗል። በሌላ አገር አንዳንድ ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው በፈረቃ መሐል ወንበር ላይ፣ ልብስ ሳይወልቅ፣ የአንገትና የትከሻ ማሳጅ ለ15 ደቂቃ ያቀርባሉ። እውነቱን እንናገር፦ ማሳጅ ለወገብ ሕመም የሚሰጠው እፎይታ በአብዛኛው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ማስረጃውም ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። የሠራተኛ እጥረትን አይተካም፤ በሽተኛ በአንድ ሰው መነሳቱንም ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሌላውን ስትነካ የምትውል ሴት በሳምንት አንዴ 15 ደቂቃ የሚነካት ሰው ቢኖር ብዙ አልተጠየቀም። በድሬም እንደ አዲስ አበባው ማየት የተሳናቸው ወጣቶች ሠልጥነው ይህን ሥራ ቢይዙት ሆስፒታሉም እነሱም ያተርፋሉ።

አምስተኛው ከባዱ ነው፤ ወጌሻው። ማሳደድ ለብዙ ዓመታት ተሞክሮ አልሠራም፤ ሰው ይሄድበታል። ዝም ብሎ ማድነቅም ልጆችን እግር ያስከፍላል። በመሐል ያለው መንገድ ወጌሻውን ጠርቶ ሁለት ነገር ማስማማት ነው፦ ወለምታና የጡንቻ ሕመም ያንተ ይሁን፤ ስብራት፣ የደነዘዘ ጣት፣ የጠቆረ ቆዳ ግን የዚያኑ ቀን ወደኛ ይምጣ። የላከውን በሽተኛ ሆስፒታሉ በአክብሮት ከተቀበለለት፣ ሳይሰድበው «ደህና አደረግህ» ካለው፣ በሚቀጥለውም ይልካል።

ያ የ1894 ደንብ አጭርና ግልጽ ነበር። ድሬዳዋም የሚያስፈልጋት ያን ያህል ነው፦ ማን ያሽ፣ ምን ይታሽ፣ ምን አይታሽ፣ መቼ ወደ ሐኪም ይላክ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተጽፎ የወጌሻው ቤትም የሆስፒታሉ በርም ላይ ቢለጠፍ፣ ቀርከሃው ሳይጠብቅ በፊት የሚደርስ ልጅ ይኖራል።